በስሜ ላይ ስለተቀነሰው አንድ ሺህ ነጥብ

ቀን፦ ኦክቶበር 29 ቀን 1996
ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ

ለሐይቅ ዳር ኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር
ለሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ ለክብርት ወ/ሮ ወርቅዬ ንጉሤ
ኦክላንድ

ግልባጭ፦ ለአቶ ናዖድ ሳህሌ፣ የውይይት መድረኩ የነጥብ ደንብ አዘጋጅ፣ ሳን ሆዜ

ጉዳዩ፦ ሳይነገረኝ በስሜ ላይ የወደቀው የቅነሳ ነጥብ እንዲነሳልኝ እና የአቶ ጋሻው ታደሰን መርዶ አለመደበቄ በጽሑፍ እንዲመሰከርልኝ ስለመጠየቅ

ክብርት ወ/ሮ ወርቅዬ፣

ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤና እየተመኘሁ ይህን አቤቱታ አቀርባለሁ። በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት መዝገብ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ የሰው አቤቱታ ተቀብዬ፣ ቁጥር ሰጥቼ፣ ለሚመለከተው ክፍል መርቼ፣ መልሱን ለባለጉዳዩ አስረክቤ የኖርኩ ሰው ነኝ። አቤቱታ አጭር መሆን እንዳለበት አላጣሁትም። ይህኛው ግን አጭር አልሆንልኝ አለ። አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ቁጭ ብዬ ስጽፍ ያቁነጠንጠኛል፤ ተነሥቼ ስንጎራደድ ደግሞ የቀረው ቃል ይመጣብኛል። ስለ ርዝመቱ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

1. አመልካች መንገሻ ጉዲና እባላለሁ፤ ዕድሜዬ ሃምሳ ዘጠኝ ነው። ነዋሪነቴ በኦክላንድ ሲሆን፣ መሐል ከተማ በሚገኝ ፓርኪንግ የትኬት ኪዮስክ ውስጥ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት እሠራለሁ። የማኅበሩ አባል ከሆንኩ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ከስብሰባም ከለቅሶም ቀርቼ አላውቅም። አፈኛ ነው የሚሉኝ እንዳሉ ሰምቻለሁ። አይደለሁም አልልም።

2. እንደሚታወቀው ማኅበራችን ባለፈው ዓመት በኮምፒዩተር የውይይት መድረክ ከፍቷል። ከሪችመንድ እስከ ሳን ሆዜ ያለ አባል በስልክ መስመር እየገባ፣ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል እየጻፈ፣ ዜና ይለዋወጥበታል፣ ይከራከርበታል። እንደኔ ቤቱ ኮምፒዩተር የሌለው ሰው ማክሰኞና ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ቢሮ ይመጣና፣ የጽሕፈት ሥራውን በምትሠራው በወ/ት ምሥጢር እርዳታ ያነባል፣ ይጽፋል። ነገር ግን መድረኩ ክፍት በመሆኑ የማንም መጣያ ሆነ። በሦስት ወር ሀብታም ትሆናላችሁ የሚል ገባ፣ ክኒን ሻጭ ገባ፣ ሥራው መሳደብ ብቻ የሆነ ገባ። አንድ ቁም ነገር ለማግኘት ሠላሳ ቆሻሻ ማገላበጥ ግድ ሆነ።

3. ለዚህ መላ ያመጣው አቶ ናዖድ ነው። ናዖድ በልጅነቱ እዚህ መጥቶ ያደገ፣ አሁን ሳን ሆዜ የኮምፒዩተር መሐንዲስ የሆነ ጨዋ ልጅ ነው። ደንቡ እንዲህ ይሠራል። እያንዳንዱ መልእክት ከዜሮ ይጀምራል። ርዕሱ የሀብት ተስፋ የሚሰጥ ከሆነ አምስት መቶ ይቀነስበታል፤ ክኒንም ከሆነ እንደዚሁ። "አስቸኳይ" የሚል ካለበት፣ ሻጮች ስለሚወዱት፣ ሃምሳ ይቀነሳል። ስለ ልደት፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ለቅሶ ከሆነ ሁለት መቶ ይጨመርለታል። ድምሩ ከዜሮ በታች አንድ መቶን ካለፈ መልእክቱ አይጠፋም፤ ግን ለአንባቢው አይታይም። ናዖድ ደንቡን በዲስኬት እየገለበጠ አደለን፤ የቢሮውን ኮምፒዩተር ጨምሮ ሠላሳ አራት ቦታ ገባ። እውነቱን ለመናገር እኔ በጣም ወድጄው ነበር። ሰው በሥራው ተመዝኖ ቦታው ቢሰጠው ምን ክፋት አለው ብዬ በየቦታው አሞግሼዋለሁ።

4. እዚህ ላይ የማፍርበትን ልጻፍ። ልጄ ሚክያስ መንገሻ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ሳን ሆዜ ይኖራል፣ እዚያው ይሠራል። ባለፈው ማርች ወር በመድረኩ ላይ በእንግሊዝኛ፣ የማኅበራችን ስብሰባ ሦስት ሰዓት ከፈጀ በኋላ የሚወስነው ሌላ ስብሰባ መጥራት ነው ብሎ ጻፈ። አንጋፋው አባላችን አቶ ኩምሳም ስብሰባ ላይ ማንኮራፋታቸው በቃለ ጉባኤ ይያዝልን ብሎ ጨመረበት። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ኤፕሪል 27 ቀን በተደረገው ስብሰባ ተነሥቼ፣ ልጄም ቢሆን ሕግ ለሁሉም እኩል ነው፣ አንድ ሺህ ይቀነስበት ያልኩት እኔ ነኝ። ቃለ ጉባኤው ላይ ተጽፏል፤ ፈርሜበታለሁ። በዚያው ቀን ደውዬ፣ ከስምህ ጎን ስሜን አድርገህ ሽማግሌ አታዋርድ፣ ከዛሬ ጀምሮም እንዳትደውልልኝ አልኩት። "ኦኬ አባዬ" ብሎ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አልደወለም። ይህ ግትርነት ከማን እንደመጣበት ለመጠየቅ ድፍረቱ የለኝም።

5. ከዚያ ስብሰባ በኋላ በመድረኩ የጻፍኩትን አንድም ሰው መልሶልኝ አያውቅም። የጻፍኩት ለራሴም ተመልሶ አይታየኝም ነበር። ምሥጢርን ስጠይቃት "ሴንድ ሆኗል ጋሼ" ትለኛለች፤ እውነቷንም ነው፣ ሄዷል። በጁን ወር የበርክሌው አቶ ሰረቀብርሃን ባለቤቱ ስትወልድለት እንኳን ማርያም ማረቻት ብዬ ጻፍኩ፤ ዝም። በኦገስት የኛ ፓርኪንግ ሰው እየቀጠረ ስለሆነ ሥራ ፈላጊ ካለ ይምጣ ብዬ ጻፍኩ፤ ዝም። የተጣላሁት ሰው የለ፣ ያስቀየምኩት የለ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ "ጋሽ መንገሻ ምነው ጠፉ" ሲሉኝ፣ መልስ ነፍገውኝ ደግሞ ያሾፉብኛል ብዬ ሰላምታ ነሣኋቸው። ኪዮስኬ ውስጥ ሆኜ ማን መቼ ምን እንዳለኝ ሳውጠነጥን፣ ለመጣ መኪና ትኬት ሳልሰጥ በሩን ከፍቼ እያሳለፍኩ፣ ከአለቃዬ ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል።

6. አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ሴፕቴምበር 24 ቀን ማክሰኞ እህቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። ጎረቤቷ ወ/ሮ ዘርትሁን ባለፈው እሑድ ማረፋቸውን፣ ቤተሰቡም ልጃቸውን በወጉ እንዳረዳው አደራ ማለቱን ነገረችኝ። ልጃቸው የሪችመንድ ነዋሪና የማኅበራችን አባል የሆነው አቶ ጋሻው ታደሰ ነው። የኤርፖርት ሻትል ይነዳል፤ የራሱን መኪና ደግሞ በየጠዋቱ የሚያቆመው እኔ ዘንድ ነበር።

መርዶ ለብቻ እንደማይነገር ለእርስዎ ማስረዳት አይገባኝም። ቢያንስ ሦስት ሰው ሆኖ፣ በማለዳ፣ ሰውየው ለሥራ ሳይወጣ ነው። አባላችን ወ/ሮ ዮዲ የእህቷን ሞት በምትሠራበት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ፣ አልጋ እየገፋች፣ አንዱ ለአንዱ ባስተላለፈው ስልክ ከሰማች ወዲህ ማኅበራችን ሥርዓት አበጅቷል። መርዶ የደረሰው አባል ስልክ እያዞረ ወሬውን አይበትንም። ሐዘንተኛው ራሱ መድረኩን ሊያነብ ስለሚችል የሟችንም የእሱንም ስም ሳይጠራ፣ ለቅሶ የሚል ቃልም ሳያነሣ፣ "አስቸኳይ፦ ሽማግሌዎች ይደውሉልኝ" ብሎ ብቻ ይጽፋል። ያን ያዩ ሦስቱ የመርዶ ሽማግሌዎች ይደውሉለታል። እኔም በዚያኑ ቀን ቢሮ ሄጄ፣ ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ እንደዚሁ ጻፍኩ።

7. ማንም አልደወለም። ቅዳሜ ደግሜ ጻፍኩ። ማክሰኞ ጻፍኩ። እስከ ኦክቶበር 12 ድረስ ስድስት ጊዜ ጽፌያለሁ። አቶ ጋሻው ግን በየጠዋቱ ይመጣል። መስኮቱን ዝቅ ያደርግና ጤናዬን ይጠይቀኛል፣ ጉልበቴን ያመኝ ስለነበር መድኃኒቱ ተሻለዎት ወይ ይለኛል። ትኬቱን ሰጥቼ በሩን እከፍትለታለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ለእናቱ የገዛውን ሹራብ ከከረጢት አውጥቶ አሳየኝ። እናቱን ስለማውቃቸው፣ ቀለሙ ደስ ይላቸው እንደሆነ ጠየቀኝ። ሰማያዊ ነበር። ደስ ይላቸዋል አልኩት። ይህን ቃል ከአፌ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ኮሚቴውም አይደለም፣ ናዖድም አይደለም።

ታዲያ ሲብስብህ ለምን ስልኩን አላነሣህም ይሉኝ ይሆናል። ለእርስዎ አንድ ጊዜ ደውያለሁ። አንሰሪንግ ማሽኑ አነሣው። መርዶ ለማሽን አይነገርም ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ያልደወልኩት ግን በኩራት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ጽፌላቸው ዝም ያሉኝን ሰዎች ደጅ አልጠናም አልኩ። የሰው ሐዘን በእጄ ይዤ የራሴን ኩርፊያ አስታመምኩ። ስለዚህ የማቀርበው መከላከያ የለኝም።

8. ኦክቶበር 13 ቀን እሑድ አንድ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ኤርፖርት ላይ ሻትሉ ውስጥ ገባና ጋሻውን አወቀው። ሰምቷል ብሎ፣ ነፍሳቸውን ይማር አለው። ጋሻው ስድስት መንገደኛ ጭኖ ፍሪዌይ ላይ ነበር። መኪናውን ዳር አስይዞ ወርዶ መሬት ላይ መቀመጡን ነው የነገሩኝ። በዚያው ቀን ወደ አገር ቤት ሲደውል ቤተሰቡ፣ መንገሻ ከነገረህ ሦስት ሳምንት ሊሆንህ አይደል ወይ አሉት። ለቅሶ ልደርስ ስሄድ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። "ጋሽ መንገሻ፣ በየጠዋቱ ፊቴን እያዩ?" አለኝ። ገብቼ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ፤ ያነጋገረኝ ሰው የለም። አሁን መኪናውን ሁለት መንገድ ተሻግሮ ሌላ ቦታ ያቆማል።

9. ኦክቶበር 22 ቀን ቢሮ መጥቼ፣ ለአቶ ጋሻው ማስረጃ እንዲሆነኝ የጻፍኩትን ሁሉ አትሚልኝ ብዬ ምሥጢርን ጠየቅኋት። ፈለገች፣ የለም። እንደገና ፈለገች፣ የለም። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላትና የነጥቡን ደንብ አጥፍታ መድረኩን ከፈተችው። ተደብቀው የከረሙ አራት መቶ አሥራ ሁለት መልእክቶች ተዘረገፉ። በየአንዳንዱ ጎን ነጥቡ ተጽፏል። የእኔ ስድስት መልእክቶች እያንዳንዳቸው ከዜሮ በታች አንድ ሺህ ሃምሳ ናቸው። ሃምሳው "አስቸኳይ" ስላልኩ ነው፤ ሌላውም መርዶ ነጋሪ ሃምሳ ተቀንሶበት ይታያል። አንድ ሺሁ ግን የስሜ ነው። ክኒን ሻጩን አየሁት፤ ከዜሮ በታች አምስት መቶ ነው። ስድስት ወር ሙሉ ከክኒን ሻጭ በታች ሆኜ ከርሜያለሁ ማለት ነው።

10. ለአቶ ናዖድ ደውዬ ነበር፤ ምክንያቱን አስረድቶኛል። ልጄ አንድ ጊዜ "ሚክያስ"፣ አንድ ጊዜ "ማይክ"፣ ሌላ ጊዜ "ኤም" እያለ ስለሚጽፍ በራሱ ስም መያዝ አስቸገረው። የማይለወጠው "መንገሻ" የሚለው ብቻ ስለሆነ ደንቡን በእሱ ላይ አደረገው፤ በላኪው ስም ውስጥ መንገሻ የሚል ባለበት ሁሉ አንድ ሺህ ይቀነስ ብሎ። እዚህ አገር ላደገ ሰው የመጨረሻ ስም የቤተሰብ መጠሪያ ነው። የእኛ ልጅ ግን በመጨረሻ የሚጽፈው የአባቱን የራሱን ስም መሆኑን፣ አባትየውም በዚያው ስም በዚያው መድረክ ላይ እንደሚጽፍ አላሰበውም። "ጋሼ፣ ላስት ኔም ብቻ መስሎኝ ነው፣ በጣም ሶሪ" አለኝ። አልተቆጣሁትም። በዚህ ስሌት ስሙ መንገሻ የሆነ ሁሉ፣ አባቱ መንገሻ የተባለ ሁሉ፣ ከዚህ መድረክ ተባርሯል። አሁኑኑ አጥፋው ስለው ግን፣ በቃለ ጉባኤ የተወሰነ ስለሆነ ያለ ኮሚቴው ትእዛዝ አልነካውም አለኝ። በዚህም አልፈርድበትም፤ ፊርማው የኔ ነው።

11. በመዝገብ ቤት ሳለሁ ውድቅ የሆነ አቤቱታ እንኳ "ተቀባይነት አላገኘም" ተብሎ፣ ተፈርሞበትና ማኅተም አርፎበት ለባለጉዳዩ ይመለስ ነበር። ሰውየው እየተሳደበ ይወጣል፤ ግን አለመፈቀዱን ያውቃል። ሌላ በር ያንኳኳል። የእኛ ነጥብ ሰውን ሳያስወጣ ያስወጣል። በሩ ክፍት እየመሰለው ያወራል፣ ይለምናል፣ ይመርቃል፤ ውስጥ ሰው የለም። ይህ ለሻጭ ይሁን፤ ለአባል ግን ጭካኔ ነው።

ስለዚህ፦
ሀ. "መንገሻ" በሚለው ስም ላይ የተጣለው ቅነሳ እንዲነሣ፤ የልጄ የሚክያስ ግን በሦስቱ ስሞቹ ተለይቶ፣ ቃለ ጉባኤው በሚለው መሠረት ባለበት እንዲጸና፣ የታረመውም ደንብ ለሠላሳ አራቱም ተጠቃሚዎች በአዲስ ዲስኬት እንዲታደል፤
ለ. ከእንግዲህ ነጥብ የተቀነሰበት አባል በደብዳቤ እንዲነገረው፣ የተደበቁ መልእክቶችም ርዕሳቸው በየሳምንቱ ታትሞ በቢሮው ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ፤
ሐ. ከሴፕቴምበር 24 ጀምሮ ስድስት ጊዜ መጻፌን የሚመሰክር ደብዳቤ በማኅበሩ ማኅተም ተረጋግጦ፣ ኖቬምበር 2 ቀን ቅዳሜ ከሚደረገው የወ/ሮ ዘርትሁን የአርባ ቀን ተዝካር በፊት ለአቶ ጋሻው እንዲደርስ፣

በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ።

ክብርት ሆይ፣ ከዚህ በላይ ያለውን ጽፌ የጨረስኩት ባለፈው ቅዳሜ ነበር። የተጻፈ ወረቀት አይሰረዝም ብሎ ያሳደገኝ መዝገብ ቤት ስለሆነ እንዳለ ትቼዋለሁ። የሚከተለው ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው።

ኦክቶበር 22 ቀን ምሥጢር አትማ የሰጠችኝ ፖስታ ወፍራም ነበር። መንገሻ በሚለው ስም የተደበቀውን ሁሉ አትማ ነው የሰጠችኝ። እኔ የራሴን ስድስት ገጽ ለይቼ አውጥቼ ሌላውን አላየሁትም። ትናንት ሰኞ፣ ኪዮስክ ውስጥ መኪና ጋብ ሲል፣ የቀረውን አወጣሁት። ከራሴ የጁንና የኦገስት መልእክት በቀር ሁሉም የልጄ ነው። እሱ ዲስኬቱን ስላልወሰደ የእኔ መልእክቶች ሁሉ ይታዩት ነበር። የሱ መልስ ግን ለእኔ አይታየኝም፤ እኔ የማነበው በቢሮው ኮምፒዩተር ነው።

ሴፕቴምበር 25 ቀን፦ "አባዬ አየሁት። ማን ነው የሞተው? እዚህ ስም አትጻፍ፣ ኮል አድርግልኝ።"

ሴፕቴምበር 29 ቀን፦ "እንዳትደውል ስላልከኝ ነው እንጂ እደውል ነበር። አንተ ከደወልክ በማንኛውም ሰዓት አነሣለሁ።"

ኦክቶበር 6 ቀን የጻፈው ለአባላት በሙሉ ነው፦ "ሽማግሌዎች፣ አባቴ አራት ጊዜ ጽፏል፣ እባካችሁ ደውሉለት። የተናደዳችሁት በእኔ ከሆነ በእኔ ይሁን። እሱ ምን አጠፋ?"

የመጨረሻው ኦክቶበር 11 ቀን ዓርብ ነው፦ "ለመርዶ ስንት ሰው ነው የሚያስፈልገው? እኔና አንተ ሁለት ነን። ነገ ኦፍ ነኝ። በጠዋት የት እንደምንገናኝ ጻፍልኝ፤ ሱት እለብሳለሁ።"

ነገ ያለው ኦክቶበር 12 ነው። ጋሻው ፍሪዌይ ላይ ከመስማቱ አንድ ቀን በፊት። በዚያ ቅዳሜ እኔ ቢሮ ተቀምጬ፣ የሰው ያለህ እያልኩ ስድስተኛውን መልእክት እጽፍ ነበር። የልጄ መልስ እዚያው እፊቴ በነበረው ኮምፒዩተር ውስጥ፣ እኔ በፈረምኩበት አንድ ሺህ ነጥብ ሥር ነበር። ሰው ሁሉ ዝም ሲለኝ ዝም ያላለኝ አንድ ሰው ነበር፤ እሱንም ያፈንኩት ራሴ ነኝ። ይህን ካነበብኩ ወዲህ መቀመጫ አጥቻለሁ።

ስለዚህ በተራ ፊደል ሀ ላይ ልጄን የሚመለከተውን ጥያቄዬን አንሥቻለሁ። የሚክያስ ነጥብ በሦስቱም ስሞቹ ላይ ሙሉ በሙሉ እንዲሰረዝ አመለክታለሁ። እንዲቀነስበት የጠየቅሁት እኔ ስለሆንኩ እንዲነሣለት የመጠየቅ መብቱ አለኝ ብዬ አምናለሁ። አቶ ኩምሳን ስለ ማንኮራፋታቸው እኔ ራሴ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ።

ተራ ፊደል ሐም እንዲህ ይሻሻልልኝ። ደብዳቤው በፖስታ አይላክ። ከተዝካሩ በፊት፣ ቅዳሜ በማለዳ፣ ሪችመንድ አቶ ጋሻው ቤት እሄዳለሁ። መርዶውን በወጉ አላደረስኩም፤ ይቅርታውን ግን በወጉ፣ ሰው ይዤ ነው የምጠይቀው። ዛሬ ጠዋት ለልጄ ደውዬ ነበር። አንሰሪንግ ማሽን አነሣው። ይህኛውን አልዘጋሁትም። መንገሻ ነኝ፣ አባትህ ነኝ፣ መልእክትህን ገና ትናንት አየሁት፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሱትህን ለብሰህ ቤቴ ና አልኩት። ይህን እስክጽፍ ድረስ መልሶ አልደወለም። ሥራ ላይ ይሆናል። በተጠራ ቁጥር ለጎረቤት ስልክ ሳይቀር እየተነሣሁ ነው።

እሱ ከመጣ ሁለት እንሆናለን። የማኅበሩን ደብዳቤ ይዞ ሦስተኛ የሚሆነን አንድ ሽማግሌ እንዲመድቡልን እለምናለሁ። ውሳኔዎን በመድረኩ ላይ አይጻፉልኝ፤ አይታየኝምና በስልክ ይንገሩኝ።

ከከበረ ሰላምታ ጋር፣ ከስልኩ አጠገብ ሳልርቅ፣

(ፊርማ)
መንገሻ ጉዲና
የሚክያስ አባት